ስለ ጥምቀት ልብሳችን

(በታኅሣሥ ወር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በሥራ ኮሚቴው ስም የተነበበ)

ቡናው እስኪፈላ ጥቂት ጊዜ ጆሯችሁን ስጡን። በአጀንዳው ላይ «የጥምቀት ዝግጅት» የተባለው ተራ አሁን ነው። ብዙዎቻችሁ የልብስ ቀለም ለመምረጥ እንደመጣችሁ እናውቃለን፤ የጥለት ናሙና በቦርሳዋ ይዛ የመጣችም አለች። ከዚያ በፊት ግን አምና የሆነ አንድ ነገር በሁላችን ፊት መነሳት አለበት። ነገሩ የሚመለከታት እህታችን እዚሁ አብራን ተቀምጣለች። እንድንናገረው ፈቅዳልናለች፤ «ብቻ አታሳምሩት» ብላናለች።

በቅርብ ከክፍለ ሀገር የመጡ፣ የሌላ እምነት ተከታይ የሆኑ፣ ጃን ሜዳ ወርደው የማያውቁም አባላት ስላሉን ስለ በዓሉ ትንሽ እንበል። ጥር 10 ከተራ ነው። ስሙ ውኃ ከመከተር የመጣ ነው፤ ገጠር ያደግነው ወንዶቹ ወራጁን በድንጋይና በአፈር ሲገድቡ አይተናል። ከቀትር በኋላ ታቦታቱ ከየደብራቸው ይወጣሉ። የየደብሩ ሕዝብ የራሱን አጅቦ ይወርድና መንገድ ላይ ከሌላው ጋር ይገናኛል። ስድስት ኪሎ፣ የሰማዕታቱ ሐውልት አጠገብ ሲደረስ ማን ከየትኛው ሰፈር እንደመጣ መለየት አይቻልም፤ ሁሉም ነጭ ነው። ካህናቱ ታቦቱን በራሳቸው ተሸክመው በጃንጥላው ሥር ቀስ ብለው ይራመዳሉ። ወጣቶቹ ከፊት ቀይ ምንጣፍ ያነጥፋሉ፤ ታቦቱ ሲያልፍበት ከኋላ ጠቅልለው፣ ተሸክመው፣ ሮጠው እንደገና ከፊት ይዘረጉታል። እነዚህ ልጆች እኮ በሌላው ቀን አንድ ጀሪካን ውኃ አምጡ ሲባሉ የሚያጉረመርሙት ናቸው። ከበሮውና ጸናጽሉ የካህናቱና የመዘምራኑ ነው፤ እልልታው ግን የእኛ ነው። ታቦታቱ ሜዳው ላይ በድንኳን ያድራሉ። ጥር 11 ጠዋት ውኃው ተባርኮ ሕዝቡ ላይ ይረጫል፤ ከዚያ ወደየመንበራቸው ይመለሳሉ። የቅዱስ ሚካኤል ታቦት የሚገባው በማግሥቱ፣ በቃና ዘገሊላ ነው።

በ2012 ዓ.ም. ዩኔስኮ በዓሉን በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ አሰፈረው። በዚያው ዓመት ኮሮና ገባና አትክልት ተራ ወደ ጃን ሜዳ ተዛወረ። ከመካከላችን እዚያ የነገዱ አሉ። ክረምቱን በጭቃ ውስጥ ቆመው ሽንኩርትና ቲማቲም ሸጠዋል። ለ2013ቱ ጥምቀት ሜዳው ተለቅቆ ሲጸዳ፣ «ሽንኩርት በሸጥኩበት ቦታ ቆሜ ጠበል ተረጨሁ» ያለችን እህት ነበረች። ይህን ያነሣነው በከንቱ አይደለም።

አሁን ወደ ልብሱ።

አምና በዚሁ ወር አንድ ዓይነት ቀሚስ እንልበስ ተባለ። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። በየዓመቱ ጓደኛሞች፣ የሥራ ባልደረቦች፣ የአንድ ሰፈር ሰዎች አንድ ዓይነት ጥለት ለብሰው ሲያልፉ እናያለን፤ ደስ ይላል። ሰው መሐል ለመፈላለግም ይጠቅማል። ደግሞም «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» እየተባልን ነው ያደግነው። ተቃውሞ ያላት እጇን ታውጣ ተባለ፤ የወጣ እጅ የለም። ቃለ ጉባኤው ላይ «በሙሉ ድምፅ» ተብሎ ተጽፏል። ሦስት ሴቶች ሽሮ ሜዳ ወርደው ከሸማኔ ጋር ተዋዋሉ። ዋጋው የአንዳችን የስድስት ወር መዋጮ አልፎ ሄደ። በሁለት ጊዜ ይከፈል ተባለና ተጀመረ። ሁለት አባላት ተበድረው ከፈሉ፤ ያንን ብድር እስከ ዛሬ እየመለሱ ነው። ይህች እህታችን ደግሞ ገንዘቡን ሳታመጣ ቀረች። ስንጠይቃት «ልጄን አሞታል፣ ዘንድሮ አልወጣም» አለች። አመንናት። ማመኑ ተመችቶን ነበር።

የከተራ ዕለት ሃያ ሦስት ሆነን ወጣን። እውነቱን እንናገር፣ አምሮብን ነበር። መንገደኛው እየቆመ ያየን ነበር፤ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያነሳንም አለ። ስድስት ኪሎ ልንደርስ ስንል በመንገዱ ዳር ሻጮች ተደርድረዋል፤ ሸንኮራው፣ ሎሚው፣ ቆሎው፣ ፊኛው። እህታችን እዚያ ነበረች። ሸንኮራውን አጥሩ ላይ አስደግፋ በቢላ ትልጣለች። ታመመ የተባለው ልጇ አጠገቧ ቁጢጥ ብሎ ልጣጩን በማዳበሪያ ከረጢት ይሰበስባል። አየችን። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳብ አድርጋ ጎንበስ አለች። እኛም አለፍን።

በኋላ ስንቆጥር ሰባታችን አይተናታል። ሰባታችንም ያየናት ለየብቻችን መስሎን ዝም ብለናል። «ላሳፍራት አልፈለግሁም» ያለች አለች። «ታቦቱ ከኋላችን ደርሶ ነበር፣ በዚያ ግፊያ እንዴት ይቆማል?» ያለችም አለች። ግፊያው እውነት ነው፤ በከተራ ቀን መንገድ መሐል መቆም ለራስም ለሰውም አደጋ ነው። ግን ከእሷ ሃምሳ እርምጃ ያህል አለፍ ብለን፣ ጥላ ያለበት ቦታ ፈልገን፣ ለፎቶ ቆመናል። ፎቶው ይኸው፣ ከኋላችን ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ሃያ ሦስታችንም እየሳቅን ነው።

ነገሩ የወጣው ከወር በኋላ በአንዷ ቤት ቡና ላይ ነው። አንዷ ጀመረች፣ ሌላዋ «አንቺም አይተሻታል?» አለች፣ ሲኒው በእጃችን ቀረ። በሳምንቱ ሦስት ሆነን ስኳርና ቡና ይዘን ቤቷ ሄድን፤ ለቅሶ እንደሚደረስ ማለት ነው። እሷ ግን ስታየን ግራ ገባት። «ምን ሆንኩ ብላችሁ ነው?» አለች። ቀጥሎ የተናገረችውን ቃል በቃል እንዳለችው እናቅርበው፦

«ልብሱን ባለመግዛቴ አላፈርኩም። ያሳፈረኝ መዋሸቴ ነው። ጠጋ ብትሉ ልጁን ምን እላለሁ ብዬ ነው የተሸፈንኩት። ግን እናንተዬ፣ ሃያ ሦስት ሴት፣ በዚያ ፀሐይ፣ አንድ ሸንኮራ እንኳ አይገዛም?»

ሳቅን። ከዚያ ሳቁ ጠፋብን።

ሂሳቡንም ነገረችን። ሸንኮራውን ከጅምላ ሻጩ የምትወስደው በዱቤ ነው። በዱቤ ሲሆን ዋጋው ይጨምራል፣ ማታ ከመግባቷ በፊትም መክፈል አለባት። ያም ሆኖ የጥምቀት ሁለት ቀን ሽያጭ የልጁን የትምህርት ቤት ወጪ ሸፍኖላታል። እጇ ላይ ጥሬ ገንዘብ ቢኖር ትርፉ እጥፍ ይሆን እንደነበር ወረቀት ሳትይዝ ቆጥራ አሳየችን። የሚያስፈልጋት ገንዘብ የአንድ ቀሚሳችንን ዋጋ እንኳ አይሞላም። የእኛ ማኅበር ደግሞ ለሚነግዱ አባላት ያበድራል፤ ደንባችን ላይ ሁለተኛው ዓላማ ይኸው ነው። ለምን አልጠየቅሽም አልናት። «ማመልከቻው በሁሉ ፊት ይነበባላ» አለች። አዎ፣ ይነበባል። ግልጽነት ይኑር ብለን እኛው ያወጣነው ደንብ ነው። ለስንት ሰው አፍ መዝጊያ እንደሆነ አስበነው አናውቅም።

ስለዚህ ኮሚቴው ሁለት ነገር ይዞ ቀርቧል። አንደኛው ላይ ተስማምተናል፦ ከእንግዲህ የብድር ማመልከቻ ለገንዘብ ያዥዋና ለሁለት የኮሚቴ አባላት ብቻ ይቀርባል፤ በጠቅላላ ስብሰባ የሚነገረው የተበደሩት ብዛትና የገንዘቡ ድምር ነው እንጂ ስም አይጠራም። የዘንድሮው ጥምቀት ብድር እስከ ታኅሣሥ 30 ክፍት ነው። ሸንኮራም ይሁን ቆሎ፣ ዳቦም ይሁን ጧፍ።

ሁለተኛው ላይ አልተስማማንም፤ ያለመስማማታችንንም ልንደብቃችሁ አንፈልግም። አብዛኞቻችን ዘንድሮ አዲስ አንድ ዓይነት ልብስ ይቅር እንላለን። የአምናው ያላት ትልበስ፣ የሌላት ያላትን ነጭ ትልበስ። ታላቋ እናታችን ግን ተቃውመዋል። እሳቸው የሚሉት፣ አንድ ዓይነት ልብስ ያለውንና የሌለውን ይሸፍናል፤ ሁሉም የየራሱን ሲለብስ ነው ድህነት የሚታየው። ከብዙ ዘመን በፊት የሴት ጓደኞቻቸው የልብሳቸውን ብር አዋጥተው እኩል አልብሰዋቸው እንደነበርና የዚያን ቀን ያህል አንገታቸው ቀና ብሎ እንደማያውቅ ነግረውናል። ለዚህ ንግግር መልስ አላገኘንም። ከማኅበሩ ካዝና ለሁሉም ይገዛ እንዳይባል፣ ካዝናው የሕመምና የሐዘን ነው፤ ገንዘብ ያዥዋ «እኔን ቀይራችሁ ግዙ» ብላለች።

በመሆኑም ዛሬ እጅ አናወጣም። በእጅ ማውጣት የተገኘውን «ሙሉ ድምፅ» አይተነዋል። ስም የሌለው ትንሽ ወረቀት ይታደላል፤ «ይቅር» ወይም «ይቀጥል» ብላችሁ ጽፋችሁ አጥፋችሁ ሣጥኑ ውስጥ ክተቱ። መጻፍ ለማይችሉ እናቶች ሁለት ቀለም ወረቀት ተዘጋጅቷል፤ ነጩ ይቅር፣ ቢጫው ይቀጥል ነው።

ስለ ቀኑ ጥቂት ማሳሰቢያ። ልጆች የምትይዙ፣ የእናትየውን ስልክ ቁጥር በወረቀት ጽፋችሁ ኪሳቸው ውስጥ ስፉላቸው፤ አምና አንዲት ልጅ ጠፍታ ለሁለት ሰዓት ያህል ያለቀስነውን አትርሱ። ጉልበታቸውን የሚያማቸው ከተራውን ትተው ጥር 11 ታቦቱ ወደ ሰፈር ሲመለስ በር ላይ ይቀበሉ፤ ያው በረከት ነው። የሙስሊም እህቶቻችን የአልጋ ቁራኛ የሆኑትን ሁለት እናቶቻችንን በዚያን ዕለት ለመጠበቅ ከወዲሁ ተራ ይዘዋል፤ እኛም ለዒድ ተራችንን ይዘናል።

ወረቀቱ እየታደለ ነው፤ እስክሪብቶ ያላችሁ ተቀባበሉ። የመገናኛው ቦታ ግን በድምፅ የሚወሰን አይደለም። ከተራ ዕለት ከቀኑ 6 ሰዓት ሸንኮራዋ ጋ ነን። ዘንድሮ ልጁ ልጣጭ አይሰበስብም፤ እኛው እንሰበስባለን። ዋጋውን እሷ ትነግራችኋለች፤ ለማኅበር አባል ቅናሽ የለም ብላለች።