ስለ ወገባችንና ስለ ቅዳሜ ጧት የእግር ጉዟችን

(በማኅበራችን 10ኛ ዓመት በዓል ላይ በታክሲ ነጂዎች ስም የቀረበ ንግግር)



የበዓሉ ዝግጅት ኮሚቴ «ታክሲ ነጂዎቹም አንድ ነገር ይበሉን» ባለን ጊዜ ስለ ቤንዚን ዋጋ ወይም ስለ ኡበር የምንናገር መስሎት ነበር። እርሱን በየቡና ቤቱ ስለምናወራው ለዛሬ ይቆይልን። የምንናገረው ስለ ሆዳችን ነው። ሳቁ፤ ግድ የለም። ጉዳዩ ግን ከሚያስቀው የሚያሳስበው ይበልጣል።

ይህ ማኅበር በአሥር ዓመት ዕድሜው ከሠራቸው ሥራዎች ሁሉ እኛ በጣም የምናደንቀው በሐዘን ቀን ፈጥኖ መድረሱን ነው። ሰው ሲያርፍ ስልክ ይደወላል፣ ገንዘብ ይዋጣል፣ አስከሬኑ ወደ አገር ቤት ይሸኛል። ከሸኘናቸው መካከል የእኛው የሥራ ባልደረቦች ነበሩ፤ ዕድሜያቸው ሃምሳ ያልሞላ፣ ልጆቻቸው ገና ትምህርት ቤት ያሉ። ስኳር፣ የደም ግፊት፣ የልብ ሕመም። ሌሎቹ ደግሞ በሕይወት አሉ፤ ነገር ግን በሳምንት ሦስት ቀን ለኩላሊት እጥበት እየሄዱ ነው የሚኖሩት። መዋጮውን ሁላችንም በሰዓቱ እናወጣለን። ለመሸኘት ይህን ያህል የበረታን ሰዎች ሰውየውን ለማቆየትስ ምን እናድርግ ብለን የጀመርነው ሥራ ስላለ፣ እርሱን ልናስረዳችሁ ነው የቆምነው።

ከእኛ መካከል ብዙዎቻችን በተማሪነት ዘመናችን ከስድስት ኪሎ ፒያሳ፣ ከፒያሳ መርካቶ በእግራችን የምንወርድ፣ ቀበቷችን ተጨማሪ ቀዳዳ የሚበሳለት ቀጫጭን ልጆች ነበርን። (የዩኒቨርሲቲው ካፍቴሪያም ለዚህ የበኩሉን አስተዋጽኦ አድርጓል።) እዚህ ዋሽንግተን ከመጣን ወዲህ እግራችን ነዳጅና ፍሬን ከመርገጥ በቀር ሥራ አጣ። በቀን አሥር፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ቁጭ እንላለን። ኡበር በ2011 ወደዚህ ከተማ ከገባ በኋላማ የዱሮውን ገቢ ለማግኘት ሰዓቱን ማርዘም ግድ ሆነ። ውኃ ደፍረን አንጠጣም፤ ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ መሐል ከተማ ሽንት ቤት ፍለጋ መኪና አቁሞ መግባት ቅጣት ይዞ ይመጣል። እንቅልፍ ሲመጣ ለስላሳ መጠጥ፣ ሲርብ በመስኮት የሚገዛ ሳንዱች፣ ከዚያ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ቤት ገብቶ ሙሉ እንጀራ በወጥ፣ ከእርሱ ቀጥሎ አልጋ። ይህ የሥራው ጠባይ ነው። ስለዚህ መፍትሔውንም ከሥራው ውስጥ መፈለግ ነበረብን።

የሾፌር ወንበር ነገር ከተነሣ አንድ ታሪክ እናጫውታችሁ። ጄሪ ሞሪስ የተባሉ የብሪታንያ ሐኪም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የልብ ሕመም ለምን እንደ በዛ ሲመረምሩ የለንደንን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ሠራተኞች ይዘው ተነሡ። ሾፌሩና ትኬት ቆራጩ የአንድ መሥሪያ ቤት ሰዎች ናቸው፤ አንድ አውቶቡስ ላይ ይውላሉ፤ ኑሯቸውም ተቀራራቢ ነው። ልዩነቱ አንደኛው ቀኑን ሙሉ ይቀመጣል፤ ሁለተኛው ቀኑን ሙሉ ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። በ1953 በታተመው ጥናት ትኬት ቆራጮቹ ከሾፌሮቹ ይልቅ በልብ ሕመም እምብዛም የማይጠቁ ሆነው ተገኙ፤ ቢታመሙም ሕመሙ ዘግይቶ የሚመጣና ቶሎ የማይገድል ነበር። በፖስታ ቤትም እንዲሁ፣ በእግሩና በብስክሌት ደብዳቤ የሚያድለው ከጠረጴዛ ሠራተኛው ተሽሎ ተገኘ። በ1956 ደግሞ ሞሪስ የደንብ ልብሱን መዝገብ አስወጥተው የሱሪውን ወገብ ቁጥር አዩ። የማን ሰፍቶ እንደ ተገኘ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም።

«ቀድሞውንም ወፈር ያለው ሰው ይሆናል ሾፌርነትን የሚመርጠው» ብለው የተከራከሩ አልጠፉም፤ ተገቢ ክርክር ነው። ይሁን እንጂ ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር የተደረጉ ጥናቶች የሞሪስን ሐሳብ አጠናክረውታል። ሰውየው ራሳቸውም እስከ እርጅናቸው ድረስ ሲራመዱና ሲዋኙ ኖረው በ2009 ያረፉት በ99 ዓመታቸው ነው።

ሁለተኛው ጥናት ከዚሁ ከምንኖርበት አገር ነው። ውጤቱ በ2002 ታተመ። ስኳር በሽታ ሊይዛቸው ጫፍ ላይ የደረሱ ከ3,200 በላይ ሰዎች በሦስት ተከፈሉ። ለአንደኛው ክፍል ሜትፎርሚን የተባለው ክኒን፣ ለሁለተኛው መድኃኒት የሌለበት ክኒን ተሰጠ። ለሦስተኛው ክፍል የተሰጠው ግን ክኒን ሳይሆን አሠልጣኝና ትእዛዝ ነበር፦ ከክብደትህ ከመቶ 7 እጁን ቀንስ፤ በሳምንት 150 ደቂቃ ተራመድ። በአማካይ ሦስት ዓመት ባልሞላ ክትትል ክኒኑ በሽታውን በ31 ከመቶ ሲቀንሰው፣ ምግብን መመጠንና መራመድ በ58 ከመቶ ቀነሱት። ልብ በሉ፤ 220 ፓውንድ ለሚመዝን ሰው ከመቶ 7 ማለት 15 ፓውንድ ገደማ ነው። በሠርጋችን ቀን ወደ ለበስነው ሱፍ እንመለስ ያለን የለም።

እኛ የጀመርነው አምስት ሆነን ነው። አውሮፕላን ማረፊያ ተራ ስንጠብቅ መኪና ውስጥ ተኝተን ስልክ ከመነካካት ይልቅ መቆሚያውን መዞር ያዝን። ተራው ድንገት ሲንቀሳቀስ ወደ መኪናችን እንሮጣለን፤ ሩጫውም ተቆጥሮልናል። ቀጥሎ ቅዳሜ ጧት ከሬገን አውሮፕላን ማረፊያ በስተሰሜን ባለው በግራቭሊ ፖይንት ተገናኝተን በወንዙ ዳር በማውንት ቬርነን የእግር መንገድ መሄድ ጀመርን። አውሮፕላኖቹ ሲያርፉ በራሳችን ላይ ነው የሚያልፉት፤ ወሬ ይቋረጣል እንጂ እግር አይቋረጥም። ሲሻን ደግሞ ከካፒቶል እስከ ሊንከን ሐውልት እንሄዳለን፤ አንዱ ጉዞ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ደርሶ መልስ አንድ ሰዓት ከሩብ ይፈጃል። እንግዳ ጭነን ስንት ሺህ ጊዜ የተመላለስንበትን ቦታ በእግራችን ያየነው ያኔ ነው።

ጉዞው እንዳይቀር ያደረገው ግን ጥናቱ አይደለም፤ የዕድር ሕግ ነው። ሳያስፈቅድ የቀረ 5 ዶላር ይቀጣል። የዘገየ 2 ዶላር ይቀጣል። ስም የሚጠራ ጸሐፊ አለን፤ ገንዘብ ያዥም አለን። አገር ቤት አባቶቻችን ለቀብር የቀረን ሰው እንዴት እንደሚቀጡ ታውቃላችሁ፤ እኛ ያንኑ ሥርዓት ገና በሕይወት ላለ ሰው አዋልነው። ስፖርት ቤት በየወሩ እየከፈሉ ከመቅረት ይልቅ ጓደኛ ፊት መቀጣት የበለጠ ያስነሣል። በቅጣቱ ገንዘብ የደም ግፊት መለኪያ ገዝተናል።

ስለ ምግብ ስንናገር የአገራችን ምግብ ጠላታችን አይደለም። ምስሩ፣ ሽሮው፣ ጎመኑ ሐኪም የሚያዘው ዓይነት ነው። ነገሩ ሰዓቱና መጠኑ ላይ ነው። ስለዚህ ራቱን ወደ ቀን አመጣነው፤ ምሳ ዕቃ ይዘን እንወጣለን፤ ማታ ግማሽ እንጀራ ይበቃል። ከሁሉ በፊት የተውነው ለስላሳውን ነው። በ20 አውንሱ የኮካ ኮላ ጠርሙስ ውስጥ 65 ግራም ስኳር አለ፤ ወደ 16 የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። አያቶቻችን ሻይ ላይ ሦስት ማንኪያ ሲጨመር «ኧረ በቃህ!» ይሉን ነበር። ጾሙም ቢሆን፣ የክርስቲያኑም የሙስሊሙም፣ በሳምቡሳና በዘይት ብዛት ከተፈታ ሚዛኑ ወደ ላይ መውጣቱ አይቀርም።

እናቶቻችን ፊት የምንቸገርበት አንድ ጉዳይ አለ። ሰው ሲወፍር «ተመችቶሃል፣ አምሮብሃል» እንላለን። ሲቀንስ ደግሞ «ምነው ከሳህ? ምን አገኘህ?» ነው። አንደኛው ጓደኛችን በአንድ ዓመት ከሁለት ወር 28 ፓውንድ ሲቀንስ፣ አመመው፣ ከሚስቱ ተጣላ፣ ሥራ ፈታ ተባለ። አገር ቤት ያሉት እናቱ በስልክ ሥዕሉን አይተው አለቀሱ። በመጨረሻ ሐኪሙ የሰጠውን የስኳር ምርመራ ወረቀት በኪሱ ይዞ መዞር ጀመረ፤ ከ6.3 ወደ 5.6 የወረደበትን። ከ5.7 በታች ጤነኛ የሚባለው ነው። ወረቀቱን ያዩ ሁለት ሰዎች በሚቀጥለው ቅዳሜ መጡ። ስለዚህ የምንለምናችሁ ቀላል ነገር ነው፤ የቀነሰ ሰው ስታዩ «ጎበዝ» በሉት። በየቤቱ ስንጋበዝም «በሞቴ» የምትሉትን አንድ ጊዜ ብላችሁ ተዉን። አንዱን ጉርሻ በደስታ እንቀበላለን፤ ሦስተኛው ነው የሚያስቸግረን።

ማስጠንቀቂያም አለ። ኢንሱሊን ወይም ሌላ የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ምግቡን ከመቀነሱ ወይም ከመጾሙ በፊት ሐኪሙን ያማክር፤ ስኳር በጣም ሲወርድ መሪ ላይ ያለን ሰው ራሱን ሊያስተው ይችላል። ሲራመድ ደረቱን የሚጨንቀው ሰው ደግሞ ጉዞውን ትቶ ወደ ሐኪም ይሂድ።

ማኅበሩን የምንጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ በበዓላችን ጠረጴዛ ላይ ከለስላሳው ጎን ውኃ ይቀመጥ፤ አምባሻው ይቅር አላልንም። ሁለተኛ፣ ብርዱ ሲጠና ይህ አዳራሽ ቅዳሜ ጧት ለሁለት ሰዓት ይከፈትልን። እኅቶቻችንም ይምጡ፤ ምግብ ቤትና ሱቅ ውስጥ ቆመው የሚውሉት እግራቸው ቢደክምም ደም ግፊቱ እነርሱንም አይምርም።

የሚቀጥለው ጉዞ ቅዳሜ በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ከጧቱ 1 ሰዓት፣ በዚህ አገር 7 ሰዓት ላይ ነው፤ «የሐበሻ ቀጠሮ» የሚል ምክንያት በሕጋችን 2 ዶላር ያስቀጣል። መለኪያው ዛሬ ከመግቢያው በስተቀኝ ባለው ጠረጴዛ ላይ አለ። ቡናው ሳይጠጣ በፊት ተለኩ፤ ከቡና በኋላ የመጣ ሰው ግማሽ ሰዓት ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።