የኬፕ ታውኑ ኢማም
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የሃይማኖት አባት በፖለቲካ መግባት ይገባዋልን? እያልን ዘወትር እንከራከራለን። ዛሬ ጉዳዩን በአንድ ሰው ሕይወት ልናየው ወደናል፤ እርሳቸውም የኬፕ ታውኑ ኢማም አብዱላህ ሃሮን ናቸው። (ዘመኑን የምንቆጥረው እንደ አውሮፓውያን ነው።)

የብዙዎቹ የኬፕ ታውን ሙስሊሞች አባቶች ሆላንዶች ከኢንዶኔዥያ ደሴቶችና ከሕንድ በባርነትና በግዞት ያመጧቸው ናቸው። ቱዋን ጉሩ የተባሉት ሊቅ በ1780 ከቲዶሬ ተግዘው በሮበን ደሴት ታስረው ሳለ ቁርኣንን ከአእምሮአቸው ጻፉ፤ ሲፈቱም በከተማው መስጊድና ትምህርት ቤት አቆሙ። እንግዲህ በዚያ አገር ኢማምነት ከመነሻው የእስር ቤት ዘመድ ነው ብንል አልተሳሳትንም።

ኢማም ሃሮን በ1955 የክሌርሞንት መስጊድ ኢማም ሲሆኑ ገና ወጣት ነበሩ። ወጣቶችን በማኅበር አሰባሰቡ፤ ሙስሊም ኒውስ የተባለውን ጋዜጣም አዘጋጁ። መተዳደሪያቸው ግን ለአንድ የከረሜላ ኩባንያ ሻጭነት ነበር። ይህም ሥራ ላንጋ፣ ኒያንጋና ጉጉሌቱ ወደሚባሉት የጥቁሮች መንደሮች ያስገባቸው ነበር። በዚያው ከውጭ አገር የተላከውን ገንዘብ ለፖለቲካ እስረኞች ቤተሰቦች በምስጢር ያደርሱ ጀመር።

ነገሩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። የአፓርታይድ ሕግ የባሮቹን ልጆች ከነጮች በታች፣ ከጥቁሮች ግን ጥቂት ከፍ አድርጎ መድቧቸው ነበር። ያችን ጥቂት እንዳያጡ የሚሰጉ አልጠፉም። የስደተኛ ልጅ ያገኛትን ጥግ አጥብቆ ቢይዝ እኛ ልንፈርድበት አንችልም፤ ነገር ግን ኢማሙ ያችን ጥግ ትተው ወደ ላንጋ ሄዱ። ግንቦት 28 ቀን 1969 ፖሊስ ሲይዛቸው ከከተማው ዑለማ አብዛኞቹ ዝም አሉ። ይህ ዝምታ ከራሱ ከፖሊሱ ዱላ ይልቅ ያሳዝነናል።

ያለ ፍርድ በታሰሩ በ123ኛው ቀን፣ መስከረም 27 ቀን፣ በእስር ቤት ሞቱ። ፖሊስ «ከደረጃ ላይ ወደቁ» አለ። ሬሳው ግን በሰንበር የተሞላ፣ አንድ የጎን አጥንቱም የተሰበረ ነበር! (ከደረጃ መውደቅ ይህን ያህል ብዙ ቦታ መምታቱ የሚያስገርም ነው።) ቀብራቸውን አርባ ሺህ ያህል ሕዝብ ሸኘው፤ በለንደንም በቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል የመታሰቢያ ጸሎት ተደረገላቸው።

በ1970 የተደረገው ምርመራ የፖሊስን ቃል ተቀበለ። በ2023 ግን የደቡብ አፍሪካ ፍርድ ቤት ያንን ውሳኔ ሽሮ፣ ኢማሙ የሞቱት በፖሊሶች ሥቃይ ነው ሲል ፈረደ። ባለቤታቸው በ2019 ዐርፈው ነበርና ፍርዱን አልሰሙም።