ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት
(በወርኃዊ ስብሰባችን ላይ ከቀረበ ንግግር)

እህቶቼ፣ እኔ የሒሳብ ሠራተኛ እንጂ ጠበቃ አይደለሁም። ሆኖም በባንክ ብድር ቤት ለመግዛት ያሰባችሁ ደጋግማችሁ ስለምትጠይቁኝ ዛሬ ስለ ቀብድ ልናገር።

ደላላ ሁልጊዜ ያጣድፋል፤ «ሌላ ገዢ አለ፣ ዛሬውኑ ቀብድ ስጡ» ይላል። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ካልፈጸመ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ካፈረሰ ደግሞ እጥፍ ይመልሳል። እንግዲህ ባንኩ ቤቱን ገምቶ ካሰባችሁት ያነሰ ብድር ቢፈቅድስ? በእቁብ ያጠራቀማችሁት ገንዘብ ሻጩ እጅ ሊቀር ነው። ስለዚህ «ባንኩ የተጠየቀውን ብድር ካልፈቀደ ቀብዱ ይመለሳል» የሚል ቃል ውሉ ላይ አስጽፉ። ሻጩ እምቢ ካለ፣ እኔ ብሆን አልከፍልም።

የካርታውን ኮፒ ማየት ብቻም አይበቃም፤ ኮፒ ማንም ያወጣል። ከሻጩ ጋር ካርታውን ወደሰጠው የመሬት ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ቤቱ ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑን አረጋግጡ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ሚስቱም ትፈርም። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 68 መሠረት የጋራ ቤት ያለ ሁለቱ ስምምነት አይሸጥም፣ በመያዣም አይሰጥም።

ይህ አንቀጽ እናንተንም ይመለከታል። ባንክ ቤት «እዚህ ጋ ፈርሚ» ስትባሉ መጀመሪያ አንብቡ። በ1990 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 97 እንደሚለው፣ በውል ከተስማማችሁና ዕዳው በጊዜው ካልተከፈለ፣ ባንኩ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ፍርድ ቤት ሳይሄድ ቤቱን በሐራጅ ሊሸጥ ይችላል።

ረቂቅ ውል እጇ የገባ ካለች፣ ከመፈረሟ በፊት በሚቀጥለው ስብሰባ ይዛው ትምጣ፤ አብረን እናነበዋለን።