ግዝረትና ጥምቀት፦ ምልክቱ ተተካ ወይስ ተለወጠ?

በማኅበራችን የኢዮቤልዩ በዓል ላይ ለአባላት ቤተሰቦች የቀረበ ንግግር፤ ሞያሌ፣ ኬንያ



ኢዮቤልዩ የሚለው ቃል ራሱ የኦሪት ቃል ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 25 እንደተጻፈው፣ ሰባት ጊዜ ሰባት ዓመት ከተቆጠረ በኋላ በ50ኛው ዓመት ቀንደ መለከት ይነፋል፣ ባሪያው ወደ ወገኑ ይመለሳል፣ የተሸጠውም ርስት ለባለቤቱ ይመለሳል። እኛ ዛሬ ያስመለስነው ርስት የለም፤ ቃሉንና ደስታውን ግን ወስደናል። የኦሪት ነገር ወደ እኛ ሲደርስ እንዲህ ነው፤ አንዳንዱ እንዳለ ይቀጥላል፣ አንዳንዱ ትርጉሙ ይለወጣል፣ አንዳንዱም ይቀራል። አዘጋጅ ኮሚቴው የሰጠኝ ርዕስም ከዚሁ ጋር የሚሄድ ነው። የክርስትና ጥምቀት የቃል ኪዳን ምልክት በነበረው በግዝረት ቦታ ገብቷልን? የሚል ነው። እኔ ካህንም ፓስተርም አይደለሁም፤ ያነበብኩትንና ያመዛዘንኩትን ላካፍላችሁ።

ጥያቄው የሊቃውንት ብቻ ነው የሚል ቢኖር በዚህ ከተማ አልኖረም ማለት ነው። ልጆቻችን ይጋባሉ፤ አንዱ ከኦርቶዶክስ ቤተሰብ፣ ሌላው ከወንጌላውያን ቤተሰብ ይመጣል። ልጅ ሲወለድ አንደኛዋ አያት «በ40 ቀኑ ክርስትና ይነሣ» ትላለች፤ ሌላዋ ደግሞ «አድጎ፣ አምኖ፣ ራሱ ይጠመቅ» ትላለች። የአራስ ቤት ገንፎ ሳይበርድ ቤቱ ለሁለት ይከፈላል። ከጎናችን ደግሞ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ልጆቻቸውን ይገርዛሉ። ቦረናዎች ዘንድ ግርዛት ከሕፃንነት ጋር ሳይሆን ከገዳ እርከን ጋር የተያያዘ ነው። ልጆቻችን ይህን ሁሉ እያዩ «እኛም እነሱም ከተገረዝን ልዩነታችን ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። መልስ ልንሰጣቸው ይገባል።

ከመነሻው እንጀምር። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 17 አብርሃም ሲገረዝ ዕድሜው 99 ነበር፤ እስማኤል 13። ይስሐቅ ግን ገና አልተወለደም፤ በኋላ ተወልዶ በስምንተኛው ቀን ተገረዘ። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ አብርሃም አምኖ እምነቱ ጽድቅ ሆኖ የተቆጠረለት በምዕራፍ 15 ነው፤ ግዝረቱ ከዚያ በኋላ መጣ። ቅዱስ ጳውሎስ በሮሜ መልእክቱ ምዕራፍ 4 ግዝረትን ማኅተም ያለው ስለዚህ ነው፤ ማኅተም ደግሞ ቀድሞ በተጻፈ ነገር ላይ የሚያርፍ ነው። ሁለተኛ፣ እስማኤል በዚያው ቀን ተገረዘ፤ ቃል ኪዳኑ ግን በይስሐቅ በኩል እንደሚጸና ተነገረ። እንግዲያው ምልክቱና ቃል ኪዳኑ አንድ ነገር አይደሉም ማለት ነው።

ወደ አዲስ ኪዳን ስንመጣ፣ በ49 እ.ኤ.አ. ገደማ ሐዋርያት በኢየሩሳሌም ተሰብስበው ከአሕዛብ ያመኑት ይገረዙ ወይስ አይገረዙ በሚለው ተከራከሩ። አያስፈልጋቸውም ብለው ወሰኑ። እዚህ ላይ ሕፃናትን የማያጠምቁ ወገኖቻችን ጥሩ ጥያቄ ያነሣሉ፦ ጥምቀት በግዝረት ቦታ ገብቶ ቢሆን ኖሮ ሐዋርያት «ተጠምቀዋልና ግዝረት አያሻቸውም» ብለው ክርክሩን በአንድ ቃል በዘጉት ነበር፤ ለምን አላሉም? ደግሞስ ከአይሁድ ያመኑት ተጠምቀውም ልጆቻቸውን ይገርዙ አልነበረም? ይላሉ። ይህ በቀላሉ የሚታለፍ ሙግት አይደለም።

በሌላ በኩል በቆላስይስ መልእክት ምዕራፍ 2 ጳውሎስ በሰው እጅ ስላልተደረገ መገረዝ ተናግሮ፣ ወዲያው በጥምቀት ከክርስቶስ ጋር ስለ መቀበር ያነሣል። ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ ማያያዙ ሕፃናትን የሚያጠምቁት አብያተ ክርስቲያናት ትልቁ መደገፊያ ነው። ሌሎቹ ደግሞ «በእጅ ያልተደረገው መገረዝ የልብ መገረዝ ነው፤ እሱንም ሙሴና ኤርምያስ አስቀድመው ተናግረውታል» ብለው ይመልሳሉ። ያም ሆነ ይህ፣ ሁለቱን ማመሳሰል ጥንታዊ ነው። በሦስተኛው መቶ ዓመት፣ በ253 እ.ኤ.አ. ገደማ፣ ፊዶስ የተባለ የሰሜን አፍሪካ ጳጳስ ሕፃናት እንደ ግዝረት ስምንት ቀን እስኪሞላቸው ሳይጠመቁ ይቆዩ የሚል አሳብ አቅርቦ ነበር። የካርታጎው ቆጵርያኖስና ከእሱ ጋር የተሰበሰቡት 66 ጳጳሳት መጠበቅ አያስፈልግም ብለው መለሱለት። ጥያቄው መነሣቱ ብቻ ሁለቱን ምልክቶች ጎን ለጎን ያዩ እንደነበር ያሳያል፤ መልሱ ደግሞ ጥምቀት በግዝረት ሕግ እንዳልታሰረ ያሳያል።

የእኛ አገር ታሪክ ከዚህ ሁሉ ለየት ይላል። በእኛ ዘንድ አንዱ ሌላውን አላስወጣም፤ ሁለቱም ጎን ለጎን ኖሩ። ወንድ ልጅ በስምንተኛው ቀን ይገረዛል፤ በ40 ቀኑ ክርስትና ይነሣል፣ ሴት ልጅ ደግሞ በ80 ቀኗ። ይህ ቁጥር ከዘሌዋውያን ምዕራፍ 12 የሚገጥም ነው። በመጽሐፈ ኩፋሌም አዳም በ40 ቀኑ፣ ሔዋን በ80 ቀኗ ወደ ገነት እንደገቡ ተጽፏል። ኩፋሌ ማለት እኮ ሌሎች ዓለማት የኢዮቤልዩ መጽሐፍ የሚሉት ነው፤ ሙሉው መጽሐፍ ተጠብቆ የተገኘው በግእዝ ብቻ ነው። ስለ ስምንተኛው ቀን ግዝረትም አጥብቆ ይናገራል። የቤተ ክርስቲያን የቀን አቆጣጠርም ሁለቱን ያቀራርባል፤ የጌታ ግዝረት ጥር 6፣ ጥምቀቱ ጥር 11 ነው።

ታዲያ አባቶቻችን ግዝረትን እንደ ቃል ኪዳን ምልክት ይዘውት ነበርን? ለዚህ ግልጽ መልስ የሰጠው ከ1540 እስከ 1559 እ.ኤ.አ. የነገሠው አፄ ገላውዴዎስ ነው። የሮም ካቶሊክ መልእክተኞች «እናንተ እንደ አይሁድ ናችሁ» ብለው ሲከሱ፣ ንጉሡ በ1555 እ.ኤ.አ. የሃይማኖት መግለጫ ጻፈ። ግዝረታችን እንደ አይሁድ አይደለም፤ ጳውሎስ ግዝረትም አለመገረዝም እንደማይጠቅም መናገሩን እናውቃለን አለ። በኢትዮጵያና በኖብያ ፊት እንደሚበጣ፣ በህንድም ጆሮ እንደሚበሳ ሁሉ ይህም የአገር ልማድ ነው ብሎ አስረዳ። ልብ በሉ፤ ልማዱን አልጣለም፣ የመዳን መንገድም አላደረገውም።

ይህን ሚዛን ያፈረሱት ጊዜ ምን እንደ ደረሰ ታሪክ መዝግቦታል። አፄ ሱስንዮስ በ1622 እ.ኤ.አ. ካቶሊክ መሆናቸውን በይፋ ካስታወቁ በኋላ በ1625 ፓትርያርኩ አልፎንሶ ሜንዴዝ መጣ። ግዝረትንና የቀዳሚት ሰንበትን ማክበር ከለከለ፣ የተጠመቀውን ሕዝብ እንደገና አስጠመቀ። አገር ታመሰ፣ ብዙ ደም ፈሰሰ፤ በ1632 ንጉሡ የቀደመው ሃይማኖት እንዲመለስ አዋጁ። አንድን ሰው «ጥምቀትህ ጥምቀት አይደለም» ማለት ምን ያህል ከባድ ቃል እንደሆነ ከዚህ ይማሯል።

የእኔ ድምዳሜ እንዲህ ነው። ጥምቀት ወደ እግዚአብሔር ሕዝብ መግቢያ ምልክት በመሆኑ ግዝረት ይዞት በነበረው ቦታ ቆሟል። ነገር ግን ጥምቀት ቢላዋው በውኃ የተለወጠ ግዝረት ብቻ አይደለም፤ በሩ ሰፍቷል። ለዚህ ምስክሩ የራሳችን ሰው ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ፊልጶስ ያጠመቀው ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ ነበረ። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 23 ሕግ መሠረት እንዲህ ያለ ሰው ወደ ጉባኤው አይገባም። በሥጋው ምክንያት ውጭ የቀረውን ሰው ውኃው አስገባው።

በሩ ለሴት ልጆቻችንም ሰፍቷል። የአብርሃም ምልክት የወንዶች ብቻ ነበር፤ ጥምቀት ግን ወንድና ሴት አይለይም። ስለዚህ «ሃይማኖታችን ነው» እያሉ ሴት ልጅ የሚያስገርዙ ካሉ ከኦሪትም ከወንጌልም አንዲት ጥቅስ አያገኙም። የኢትዮጵያ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 565 እና 566፣ ኬንያም በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ከልክለውታል። ድንበር አሻግሮ ማስገረዝም በኬንያ ሕግ ወንጀል ነው። የልጃችን ምልክት በ80 ቀኗ የሚታሰርላት ማዕተብ ወይም አምና የምትጠመቅበት ውኃ ይበቃታል።

የወንዱ ግዝረት ደግሞ ልማድም ጤናም ነው። ኬንያ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኤች አይ ቪን ለመከላከል በሐኪም የሚደረግ ግርዛትን ስታስፋፋ የቆየችው ለቃል ኪዳን ብላ አይደለም። ልጁን ያስገረዘ አይነቀፍ፤ ያላስገረዘም አይሰደብ።

ለተጋቢዎች አንድ ቃል ልጨምር። ጳውሎስ ጢሞቴዎስን ገረዘው፤ ቲቶን ግን ሳይገረዝ ተወው። ጢሞቴዎስ እናቱ አይሁዳዊት፣ አባቱ ግሪካዊ ነበሩ፤ እንደ ብዙዎቹ ልጆቻችን የሁለት ወገን ልጅ ነበረ ማለት ነው። ሐዋርያው ለአንዱ ያደረገውን ለሌላው ሕግ አላደረገበትም። ስለዚህ የልጃችሁን ጥምቀት ጉዳይ ከሠርጋችሁ በፊት ተነጋገሩበት፤ ልጁ ከተወለደ በኋላ በአያቶች መካከል ዳኛ አትፈልጉ። አያቶችም፣ እባካችሁ፣ ልጆቻችሁ የወሰኑትን አክብሩ። ሕፃን በታመመ ጊዜ ደግሞ ቀን አይቆጠርም፤ ካህኑ 40 ሳይሞላም ያጠምቃል፤ ይህን የማያውቁ ወላጆች እንዳይጨነቁ ንገሯቸው።

ልጆቻችን «ልዩነታችን ምንድን ነው?» ሲሉ መልሱን ከሰውነታቸው ላይ አታሳዩአቸው። ጎረቤቶቻችን በአብርሃም ልማድ እንደሚገረዙ፣ እኛ ደግሞ በክርስቶስ ሞትና ትንሣኤ እንደምንጠመቅ አስረዱአቸው። ይህን የሚያውቅ ልጅ ጎረቤቱን አይንቅም፣ ራሱንም አያጣም።

 እግዚአብሔር ማኅበራችንን ይባርክ፣ አገራችንንና የተቀበለችንን አገር ይጠብቅልን።