ከአንዲት ዛፍ ብቻ ዘር አንልቀም

(ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤ አባላት በተዘጋጀ የምክክር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ክቡራን አባቶች፣ የተወደዳችሁ የሰበካ ጉባኤ አባላት፤

እንድናገር የተጋበዝሁት በቤተ ክርስቲያናችን ቅጽርና በየጓሯችን ስላሉት የመድኃኒት ዕፀዋት ነው። ጥቅማቸውን እናንተ ከእኔ ይልቅ ታውቃላችሁና ስለ እርሱ አልናገርም። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋውን አንድ ነገር ብቻ ላንሣ፤ በአንድ ስም የምንጠራው ዕፅ ሁሉ አንድ አይደለም። ሊቃውንቱ ይህን ልዩነት የዘረ መል ብዝኃነት ይሉታል።

እንዶድን እናስብ። እናቶቻችን ልብስ ሲያጥቡበት የኖሩት ተክል ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዓ.ም. ዶክተር አክሊሉ ለማ ስለ ብልሃርዝያ በዐድዋ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። የብልሃርዝያ ተውሳክ የሚራባው በእነዚህ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ ነውና ነገሩ ትልቅ ግኝት ሆነ። ከዚያም ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ከልዩ ልዩ የአገራችን ክፍሎች የተሰበሰቡ የእንዶድ ዓይነቶችን እየተከሉ ሲያነጻጽሩ፣ አንዱ ከሌላው በኃይሉ፣ በፍሬው ብዛትና ተባይን በመቋቋሙ ተለይቶ ተገኘ። ብልጫ ያሳየው ዛሬም «ዓይነት 44» በመባል ይታወቃል። ሁለቱ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1989 ዓ.ም. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። በዚያው ዓመት የአገራችንን የአዝርዕት ዘር በመጠበቅ የሚታወቁት ዶክተር መላኩ ወረደም ይህንኑ ሽልማት አግኝተዋል።

ልብ በሉ፤ ዓይነት 44ን የቤተ ሙከራ ሰው አልፈጠረውም፤ በአገራችን ምድር በቅሎ የተገኘ ነው። ከመሰብሰቡ አስቀድሞ የበቀለበት ቁጥቋጦ ተመንጥሮ ቢሆን ኖሮ «እንዶድ አልጠፋም» ባልን ነበር፤ ያ እንዶድ ግን ጠፍቶ ነበር።

ወደ ኮሶ ልለፍ። የኮሶ ወንዴና ሴቴ በተለያየ ዛፍ ላይ ነው የሚገኙት። ለመድኃኒት የሚፈለገው የሴቴዋ ቀላ ያለ፣ የተንዠረገገ አበባ ነው። ስለዚህም ወንዴው «ጥቅም የለውም» ተብሎ ለጣውላ ወይም ለማገዶ የሚቆረጥበት ጊዜ አለ። ሴቴዋ ከዚያ በኋላም ታብባለች፤ ይሁን እንጂ የአበባ ብናኝ በነፋስ የሚልክላት ወንዴ በአካባቢዋ ከሌለ አበባዋ ለዘር አይበቃም። የዚያ ቅጽር ኮሶ ለዓይን ሞልቶ ሳለ ተተኪ አይኖረውም።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። በችግኝ ጣቢያ በምሠራበት ዘመን የኮሶ ችግኝ እንድናዘጋጅ ታዘዝን። ከመንገዱ ዳር ቅርንጫፏ ዝቅ ያለ፣ መሰላል የማያሻት አንዲት ያማረች ዛፍ ነበረች። ዘሩን ሁሉ ከእርሷ ለቀምን። ችግኙ እኩል በቀለ፤ የጎበኙን ሁሉ አመሰገኑን፤ ለብዙ አጥቢያም ታደለ። ያደረግነው የገባኝ ከዓመታት በኋላ ነው፤ በየአጥቢያው የተከልነው የአንዲት እናት ልጆችን ነበር። አባቶች ለጋብቻ የሚመጡትን እስከ ሰባት ቤት ዘመድ እንዲቆጥሩ ታዛላችሁ፤ እኔ ግን እኅትና ወንድም ብቻ የሚጋቡበትን ደን ተክዬ ነበር። በዛፍም ቢሆን ዘመድ ከዘመድ ሲዳቀል ዘሩ እየደከመ ይሄዳል። አንድን ዛፍ የሚጥል በሽታ ወይም ድርቅ ቢመጣ ሁሉንም በአንድነት ሊጥል ይችላል፤ ልዩ ልዩ ከሆኑ ግን የሚተርፍ ይኖራል። ያ ችግኝ ተመልሶ አይሰበሰብም። የሚቀጥለውን ግን ማስተካከል እንችላለን።

በጓሮ ያለውም ከዚህ ፈተና አላመለጠም። ዳማከሴን ከጎረቤት ቅርንጫፍ ተቀብለን እንተክላለን። ከቅርንጫፍ የበቀለው ያው የመጀመሪያው ተክል ነው፤ መንደሩ ሁሉ ከአንድ ሥር ተቀብሎ ከሆነ በመንደሩ ያለው ዳማከሴ በዘር ረገድ አንድ ብቻ ነው። ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይበቅለው ቀበሪቾ ደግሞ የሚፈለገው ለሥሩ ነው፤ ዘር ሳይጥል ከተቆፈረ ዘሩም አብሮ ይነቀላል። የጥቁር እንጨት ቅርፊት ለፕሮስቴት ሕመም መድኃኒት በውጭ አገር ስለሚፈለግ በሌሎች የአፍሪካ አገሮች ብዙ ዛፍ ተገፍፎ ደርቋል፤ እ.ኤ.አ. ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ንግዱ በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ውሏል።

ታዲያ ይህን ለእናንተ መናገሬ ስለ ምንድን ነው? ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር 28 የአብያተ ክርስቲያናት ደኖችን አጥንተው 168 የዛፍ፣ የቁጥቋጦና የሐረግ ዓይነቶችን መዝግበዋል። በዙሪያው ያለው መሬት ታርሶ ሲያልቅ የቀረው በእናንተ እጅ ያለው ነው። ሆኖም እያንዳንዱ ደን በእርሻ መካከል ብቻውን የቀረ ደሴት ነው፤ በአንዱ ቅጽር ያሉት ጥቂት የኮሶ ዛፎች ብቻቸውን ዘራቸውን ጠብቀው ሊዘልቁ አይችሉም። ስለዚህ አራት ነገር እለምናችኋለሁ።

አንደኛ፣ በቅጽራችሁ ያሉትን የመድኃኒት ዕፀዋት ቁጠሩና በመዝገብ ጻፉ። ኮሶን በሚያብብበት ወራት ወንዴና ሴቴውን ለይታችሁ መዝግቡ፤ ወንዴውም አይቆረጥ።

ሁለተኛ፣ ዘር ስትለቅሙ ከብዙ እናት ዛፎች ይሁን። ባለሙያዎች ተራርቀው ከቆሙ ከ25 እስከ 30 ከሚደርሱ ዛፎች እንዲለቀም ይመክራሉ። በአንድ አጥቢያ ይህን ያህል ስለማይገኝ፣ የአየር ጠባያቸው የሚመሳሰል ጎረቤት አጥቢያዎች ዘር ይለዋወጡ፤ ከየዛፉ እኩል መጠን ተወስዶ ይቀላቀል።

ሦስተኛ፣ ከጓሮ ዕፀዋት ቅርንጫፍ ስትቀባበሉ ከአንድ ቤት ብቻ አትውሰዱ። በሩቅ መንደር ያለውንም አምጥታችሁ ጎን ለጎን ትከሉ።

አራተኛ፣ ሥር የሚቆፍርና ቅርፊት የሚገፍፍ ሰው ወደ ቅጽሩ ሲመጣ የሰበካ ጉባኤው ይወቅ። ዘር ሳይጥል ሥር አይቆፈር፤ ዙሪያውን ቅርፊቱ የተገፈፈ ዛፍም እንደማይድን ይነገረው።

አባቶቻችን ዘረ መል የሚለውን ቃል አያውቁትም ነበር። ይሁን እንጂ የሚጠቅመውን ከማይጠቅመው ሳይመርጡ፣ የቅጽሩን ዛፍ ሁሉ በግዝት ጠብቀው ከነልዩነቱ አቆዩልን። እኛ ብዙ ችግኝ ተክለን ጥቂት ዘር ብናወርስ፣ ቅጽሩ ለምልሞ ሳለ አደራው ይጎድላል። በሚመጣው የዘር መልቀሚያ ወራት ከመጀመሪያዋ ዛፍ አልፋችሁ ወደ ሁለተኛይቱ፣ ወደ ሦስተኛይቱም እንድትሄዱ አደራ እላለሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።