ቁልፉን የሰጠችውስ?

(በወርኃዊ ስብሰባችን ላይ የቀረበ ንግግር)

ዛሬ ከውጭ የጋበዝነው አማካሪ የለም፤ የምንናገረው እኛው የኮሚቴው አባላት ነን። ጉዳዩ በመካከላችን የደረሰ፣ እኛም እጃችን ያለበት ስለሆነ ሌላ ሰው እንዲነግረን አልፈለግንም። ባለታሪኳ እህታችን እዚህ ተቀምጣለች። ስሟን ሳንጠራ እንድንናገር ፈቅዳልናለች፤ «ሌላዋ እንዳትደግመው ንገሩ» ያለችንም ራሷ ናት።

ነገሩ የጀመረው ለቅሶ ቤት ነው። ማታ ነበር፤ ዝናብ ይዘንባል፤ አውቶቡስ በሰዓት አንዴ ነው የሚመጣው። የእህታችን መኪና ሰባት ሰው ይይዛል። እሷ ወጥ ቤት ስለነበረች መውጣት አልቻለችም። ባለቤቷ ደጅ ቆሟል፤ ነገር ግን መንጃ ፈቃዱ ታግዷል። ስልክ ይዞ ሲነዳ ሁለት ጊዜ ተይዞ ነበር። በዚህ አገር ለአንዱ ጥፋት 200 ፓውንድና 6 ነጥብ ነው፤ በሦስት ዓመት ውስጥ 12 ነጥብ የሞላበት ሰው ደግሞ የተለየ ችግር ካላስረዳ በስተቀር ቢያንስ ለ6 ወር ይታገዳል። ዕገዳው ሊያበቃ ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር። ቁልፉን ከቦርሳዋ አውጥታ የሰጠችው እሷ ናት፤ «ስጪው እንጂ፣ እናቶች ይመሽባቸዋል፤ ቅርብ አይደለም እንዴ?» ያልናት ደግሞ እኛ ነን።

አንዱ የኋላ መብራት ጠፍቶ ኖሮ ፖሊስ አስቆመ። ስሙን ጠየቀው፤ በመሣሪያው አየ፤ አለቀ። ነጠላችንን እንዳዘቀዘቅን መንገድ ዳር ቆመን መኪናው ሲጎተት ተመለከትን።

ሕጉን አሁን በደንብ እንየው። የምንናገረው ስለ እንግሊዝና ዌልስ ነው፤ ስኮትላንድ ያላችሁ አንዳንዱ ነገር ይለያል። ፍርድ ቤት አግዶት ሳለ መንዳት በ1988 እ.ኤ.አ. የመንገድ ትራፊክ ሕግ ወንጀል ነው። እስከ 6 ወር እስራት፣ ጣሪያ የሌለው የገንዘብ ቅጣት ወይም ሁለቱንም ሊያስከትል ይችላል፤ በላዩ አዲስ ዕገዳ ሊጨመር ይችላል። ዕገዳው የሚጀምረው ፍርዱ እንደተነገረ ነው። ከፍርድ ቤት ወጥቶ ያቆመውን መኪና ነድቶ ቤቱ የገባ ሰው በዚያው ቀን ሁለተኛ ወንጀል ሠራ ማለት ነው፤ እንዲህ ያደረጉ ሰዎች አሉ። ደግሞም 56 ቀን ወይም ከዚያ በላይ የታገደ ሰው ቀኑ ስለደረሰ ብቻ መሪ አይጨብጥም፤ አዲስ መንጃ ፈቃድ ለማግኘት ለዲቪኤልኤ ማመልከት አለበት።

የታገደ ሰው ሲነዳ ኢንሹራንሱም አብሮ ይወድቃል። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ሙሉ ኢንሹራንስ አለኝ» ስንል መኪናው በማንም እጅ ቢሆን የተሸፈነ ይመስለናል። ሙሉ ማለት ጉዳቱን እንጂ ነጂውን አይመለከትም። ወረቀቱ ላይ ስማቸው ያለው ብቻ ናቸው የሚነዱት፤ ማንኛውም ሰው ይንዳው የሚል ውል እንኳ ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ የታገደን ሰው አይጨምርም። ስለዚህ ባለቤቷ የተከሰሰው በሁለት ነገር ነው፦ ታግዶ በመንዳትና ያለ ኢንሹራንስ በመንዳት። ፍርድ ቤቱ ያለ ክፍያ የሚሠራ የማኅበረሰብ ሥራ ፈረደበት፤ ሦስት ሳምንት በቀረው ዕገዳ ላይም 12 ወር ተጨመረ።

እስከዚህ ድረስ ጥፋቱ የእሱ ነበር። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን በእሷ ስም ፖስታ መጣ። ያለ ኢንሹራንስ መንዳት ብቻ ሳይሆን፣ ኢንሹራንስ የሌለው ሰው በመኪናዬ እንዲነዳ መፍቀድም በዚያው ሕግ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ቅጣቱም እንደ ነጂው ነው፦ ከ6 እስከ 8 ነጥብ፣ ገደብ የሌለው የገንዘብ ቅጣት፣ ዳኛው ከፈለገም ዕገዳ። ፖሊስ ለነጂው ብዙ ጊዜ በቦታው የሚሰጠው 300 ፓውንድና 6 ነጥብ ነው፤ ወደ ፍርድ ቤት ከሄደ ግን ይበዛል። «የተሸፈነ መስሎኝ ነበር» ማለት ከጥፋተኝነት አያድንም።

እህታችን ፖስታውን ከፍታ ካየች በኋላ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ለመመለስ የተሰጣት ጊዜ 21 ቀን ነበር፤ ወደ እኛ ያመጣችው በ19ኛው ቀን ነው። አልፈረድንባትም፤ ከመካከላችን ቡናማ ፖስታ አይቶ ልቡ ያልደነገጠ ማን አለ? ሁለት ሆነን አብረናት ነፃ የሕግ ምክር ወደሚሰጥበት ቦታ ሄድን። ጠበቃዋ ደግ ሴት ነበረች። ዳኛው ልዩ ምክንያት ካገኘ ነጥቡን ሊተው እንደሚችል አስረዳችን፤ ለምሳሌ ሕይወት የሚያሰጋ ድንገተኛ ነገር። እኛም ስለ ለቅሶው ነገርናት። በአገራችን ለቅሶ ምን ማለት እንደሆነ በደንብ ገባት፤ ታክሲ መጥራት ይቻል ስለነበር ግን ዳኛ እንደማይቀበለው ሳትደብቅ ነገረችን።

ስድስት ነጥብ ተመዘገበባት። እህታችን ፈተናውን በሦስተኛ ሙከራዋ ካለፈች ገና 14 ወሯ ነበር። በ1995 እ.ኤ.አ. በወጣው የአዲስ ነጂዎች ሕግ መሠረት፣ ፈተና ካለፈ ሁለት ዓመት ያልሞላው ሰው 6 ነጥብ ከደረሰበት መንጃ ፈቃዱ ይሰረዛል። ይህን ዳኛ አይወስነውም፤ ዲቪኤልኤ በደብዳቤ ነው የሚያሳውቀው። እንደገና የተማሪ ፈቃድ አውጥታ፣ የጽሑፉንም የመንገዱንም ፈተና መድገም አለባት። ሥራዋ ደግሞ አረጋውያንን በየቤታቸው እየዞሩ መርዳት ነው፤ ያለ መኪና የሚሠራ አይደለም። በእግሯ የምትደርስባቸው ሁለት ቤቶች ብቻ ቀሩላት።

እንግዲህ ይህን ይዛ ነው ለመረዳጃ ፈንዳችን ያመለከተችው። በዚያ ስብሰባ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ድምፅ ከፍ ብሎ ነበር። ግማሾቻችን «ፈንዱ ለችግር ነው፤ ይህም ችግር ነው» አልን። ግማሾቻችን ደግሞ «ደጋፊዎቻችን ገንዘብ የሰጡን የፍርድ ቤት ቅጣት እንድንከፍል አይደለም» አልን። በመጨረሻ ቅጣቱ ከፈንዱ እንዳይከፈል በድምፅ ወሰንን፤ ውሳኔው ትክክል ነበር ብለን እናምናለን። ለመንዳት ትምህርትና ለፈተናው ግን ያለ ወለድ አበደርናት፤ ያ ለሥራ ማስኬጃ ከምንሰጠው ብድር የሚለይ አይደለም። ቅጣቱን የዚያን ምሽት መኪናው ውስጥ የተቀመጥነው ከየኪሳችን አዋጣን። ማንም አላስገደደንም። ከእኛ አንዷ «ሲጭነን ዝም ብለን ገባን» አለች፤ ሌላ ክርክር አልነበረም።

ስለ ተሳፋሪ ካነሳን አይቀር፣ ነጂው እንደታገደ እያወቀ ያበረታታ ሰው ራሱም በረዳትነት ሊጠየቅ ይችላል። መኪናው ምንም ኢንሹራንስ እንደሌለው እያወቀ የተሳፈረ ደግሞ አደጋ ቢደርስበት፣ ኢንሹራንስ በሌላቸው ነጂዎች ለተጎዱ ካሳ የሚከፍለው የሞተር መድን ሰጪዎች ቢሮ ሊከለክለው ይችላል።

ያ ምሽት በመብራት ብቻ አለፈ፤ ባያልፍስ ኖሮ? እግረኛ ቢገጭ የእህታችን ኢንሹራንስ ለተጎጂው ይከፍል ነበር፤ ከዚያ ግን ሕጉ ገንዘቡን ከነጂው ወይም እንዲነዳ ከፈቀደችው ባለ ውል መልሶ የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። የአንድ ሰው የዕድሜ ልክ ጉዳት ስንት እንደሚያወጣ አስቡት። ሰው ሞቶ ቢሆን ደግሞ፣ ታግዶ እየነዳ በጥፋቱ ሰው የገደለ ቅጣቱ እስከ 10 ዓመት እስራት ነው። ሬሳ ሸኝተን ስንመለስ ሌላ ሬሳ ልናመጣ ነበር።

ሌሎቹን ነገሮች በአጭሩ። ከቤት ወደ ቤት እየነዳችሁ የምትሠሩ ኢንሹራንሳችሁ ለሥራ መጠቀምን እንደሚጨምር ዛሬውኑ እዩ፤ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት መመላለስና ከደንበኛ ደንበኛ መዞር በውሉ አንድ አይደሉም። በቅርቡ የመጣችሁ፣ የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ እዚህ መኖር ከጀመራችሁበት ቀን አንስቶ ለ12 ወር ብቻ ነው የሚያሠራው፤ በልዋጭም አይቀየርም። ዜግነት የምታመለክቱ፣ የወንጀል ቅጣት በማመልከቻው እንደሚጠየቅ አትርሱ። ቤታችሁ የታገደ ሰው ካለ ቁልፉን በር አጠገብ አትስቀሉት። «እምቢ» ማለት የሚከብዳችሁ ከሆነ በኮሚቴው አሳቡ፤ «ማኅበሩ ከልክሎኛል» በሉ፤ እኛ እንሸከመዋለን። ለለቅሶና ለሰርግ መመለሻ የታክሲ ሣጥን ከዛሬ ጀምሮ በሩ አጠገብ አለ፤ ሳንቲምም አይናቅም።

እህታችን የጽሑፉን ፈተና አልፋለች። የመንገዱ ቀን ገና ነው። እስከዚያ ድረስ ከአባሎቻችን ሁለቱ በየተራ አጠገቧ እየተቀመጡ ያለማምዷታል፤ ሁለቱም ከ21 ዓመት በላይ ናቸው፣ ሙሉ መንጃ ፈቃድ ከያዙም ከሦስት ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ ሕጉ እንዲህ ይላልና። የተማሪ ኢንሹራንሷን ወረቀት ከመጀመሪያው ልምምድ በፊት አምጥታ አሳይታናለች። አንብበን ጨርሰን ነው የኤል ምልክቱን የለጠፍነው።