ልጆቹን መቼ እናሰናብት? የአራዳ ትምህርት ቤቶችና ድንገተኛ ጎርፍ



የዛሬው ንግግሬ ትምህርት ቤቶችን ለብርቱ ዝናብ፣ ለመብረቅና ለድንገተኛ ጎርፍ ስለ ማዘጋጀት ነው። «ይህ የክረምት ጉዳይ ነው፤ በክረምት ደግሞ ትምህርት ቤት ዝግ ነው» የሚል ይኖራል። በእርግጥ የአዲስ አበባ ዝናብ የሚበረታው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ሆኖም ነጎድጓድና በረዶ የቀላቀለ የበልግ ዝናብ በሚያዝያም ይጥላል፤ ሰኔ የፈተና ወር ነው፤ በመስከረምም ክረምቱ ጨርሶ ሳይወጣ ትምህርት ይጀመራል። በእነዚህ ወራት ልጆቹ በክፍል ውስጥ ወይም በመንገድ ላይ ናቸው።

አራዳን እንመልከት። ከእንጦጦ ተራራ የሚወርደው ውሃ በፒያሳ ዙሪያ ባሉት ሸለቆዎች፣ በራስ መኰንን ድልድይ ሥር ጭምር፣ ያልፋል። መንገዱ አጭርና ቁልቁለት በመሆኑ ወንዙ ፈጥኖ ይሞላል። ፒያሳ ላይ ፀሐይ ሳለ እንጦጦ ላይ ሊዘንብ ይችላል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በድሬዳዋ ከ200 በላይ ሰዎችን የቀጠፈው የደቻቱ ጎርፍም ከሐረርጌ ደጋ የወረደ ነበር።

ስለዚህ ዋናው ጥያቄ የስንብት ሰዓት ነው። ሰማዩ ሲጠቁር «ዝናቡ ሳይመጣ ይሂዱ» ማለት ደግ ሐሳብ ይመስላል። ነገር ግን ልጆቹን ከጣሪያ ሥር አውጥቶ ወደ ወንዝ ዳርና ወደ ተደፈነ ቱቦ ይልካል። 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ፈጣን ጎርፍ ዐዋቂን እንኳ ሊጥል ይችላል።

በ2013 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ፣ በኦክላሆማ ግዛት፣ ሙር በተባለች ከተማ አውሎ ነፋስ አንድ ትምህርት ቤት አፍርሶ 7 ሕፃናት ሞተዋል። ማስጠንቀቂያው አስቀድሞ ተነግሮ ነበር፤ የጎደለው ጠንካራ መጠለያ ነው። ማስጠንቀቂያ የሚያድነው መሄጃው አስቀድሞ ሲታወቅ ብቻ ነው።

ለእኛ ሦስት ነገሮች ይበቁናል። አንደኛ፣ ልጆቹን የማቆየት ሥልጣን የማን እንደሆነ፣ ርእሰ መምህሩ በሌሉበትም ማን እንደሚተካቸው በጽሑፍ ይወሰን፤ ወላጆችም በመስከረሙ ስብሰባ ይወቁት። ለወንዝ የቀረበ ትምህርት ቤት ደግሞ ልጆቹን የሚያሰባስብበትን ከፍ ያለ ክፍል ከወዲሁ ይለይ።

ሁለተኛ፣ ብልጭታ ከታየ በኋላ ነጎድጓዱ 30 ሰከንድ ሳይሞላ ከተሰማ መብረቁ ከ10 ኪሎ ሜትር አይርቅም፤ ልጆች ከሜዳና ከዛፍ ሥር ወደ ክፍል ይግቡ፤ ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላም 30 ደቂቃ ይቆዩ።

ሦስተኛ፣ አሸንዳና የውሃ መውረጃ ከበልግና ከክረምት በፊት ይጠረግ፤ የልጆቹም መንገድ በካርታ ይሣል። በ2016 ዓ.ም. ከፈረሱት የፒያሳ ሰፈሮች በኋላ የቀድሞው ካርታ አያገለግልም። ይህን ሥራ እናንተ ተማሪዎች፣ ከልጆቹ ጋር በእግር ሄዳችሁ፣ ልትሠሩት ትችላላችሁ።

ወጪው ትንሽ ነው፤ የሚከብደው ወላጅ በር ላይ ቆሞ ሲጠይቅ «ዝናቡ እስኪያባራ ልጁን አናስወጣም» ማለት ነው። ያን ቃል ለመናገር የሚያስችለው አስቀድሞ የተደረገ ስምምነት ነው።